ሙሴን የመለሰው ወንዝ፣ እታለምን የመለሰው ራጅ

ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤቴ ትዕግሥት ትልቅ ፖስታ በብብቷ ሸጉጣ ቤቴ መጣች። ፖስታው ውስጥ ራጅ አለ። ልጅቱ ለሥራ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፤ ደሟን ቀድተዋል፣ ደረቷን አንስተዋል፣ አሁን ደግሞ ሐኪም ፊት አቅርበው ሊጠይቋት ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስል፣ ሰው ሁሉ የሐኪም ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ለነገሩ ቅር አይለኝም፤ ጡረታ የወጣ መምህር የሚጠይቀው ካጣ ያረጃል። ፊልሙን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ከፍ ሳደርገው ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ ይሁኔ፣ ከዚህ በፊት ምን ታመሽ ታውቂያለሽ ቢሉኝስ፣ ምን ልበል?" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ልጅቱ ቅር አላት፤ እኔ ግን የሳቅሁት በእሷ አልነበረም። ያችን ጥያቄ፣ ቃል በቃል ያችኑ ጥያቄ፣ ከፈረንጅ ሐኪም አፍ ተቀብዬ በአማርኛ ለታላቅ እህቴ ያቀረብሁላት እኔ ነኝና።

እህቴን ሁሉም እታለም ይላታል። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ከእናታችንና ከነፍስ አባቷ በቀር በእሱ የሚጠራት አልነበረም። ፊቷን ፈንጣጣ በልጅነቷ ጎብኝቶታል፤ ዝናብ የመታው አመድ ይመስላል። ይህን ስል እህቴን ያቃለልሁ የሚመስለው ሰው ካለ የዘመኑን ነገር አያውቅም። እታለም በፊቷ የምትኮራ ሴት ነበረች፤ የምትኮራበትም ምክንያት ነበራት።

የተወለድንበት አጥቢያ ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው በኩል፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ፈንጣጣ በአካባቢው ገባ የተባለ ዓመት ሽማግሌዎቹ የወንዙ መሻገሪያ ላይ እሾህ ያጥሩና መንገዱን ይዘጉታል። ከውጭ የመጣ አይገባም፣ ዘመድም ቢሆን። እዚያ ቆመው የሚጠብቁት በሽታው ወጥቶላቸው የዳኑ ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛ አይነካቸውማ። ፊቱ የተቦረቦረ መንገደኛ ሲመጣ "ይኼስ ወጥቶለታል" ብለው እሾሁን ያነሡለታል። ፊቱ ለስላሳ የሆነው ግን፣ የፈለገ ባለጠጋ ይሁን፣ ወንዝ ማዶ በተሠራች ጎጆ ጨረቃ እስክትለወጥ ይቀመጣል። ሌላ አገር መልከ መልካም ይቀድማል፤ እኛ መሻገሪያ ላይ መልከ መልካም ጎጆ ይገባል። ሁለት ነገር ግን አይጓደልበትም። ምግብ ይደርሰዋል፤ የሚገባበት ቀንም ይነገረዋል። ይህን የማያደርግ አጥቢያ እንግዳ አገደ አይባልም፣ እንግዳ ጣለ ነው የሚባለው። ምግቡን የምታደርሰው ደግሞ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች ጀምሮ፣ እታለም ነበረች።

እንዲህ ባለ ዓመት ነው ሙሴ ያኒ የመጣው። ያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው፤ ያኒ ግሪክ ነበር፣ የወፍጮ መካኒክ። አንድ ባለርስት ቀጥሮት የናፍጣ ሞተርና የወፍጮ ድንጋይ በጭነት መኪና አስጭኖ፣ በጋ በመሆኑ መኪናው እስከ ወንዙ ድረስ ወርዶለት መጣ። የአጥቢያው ሰው ወፍጮውን ሲጠብቅ ነው የከረመው፤ ሴቱ ሁሉ ከድንጋይ ወፍጮ ሊገላገል ነው። ቢሆንም ፊቱን ሲያዩት እንደ ሕፃን ለስላሳ ነው፤ እሾሁ አልተነሣለትም።

ያኒ ነገሩ ሲገባው እጅጌውን ሰቅሎ ከትከሻው ዝቅ ብላ ያለችውን የክትባት ጠባሳ አሳየ። የደብሩ ቄስ መምሬ ገረመው በአካባቢው የታወቁ ከታቢ ነበሩ፤ ከታማሚ ቁስል ወስደው፣ በማር ለውሰው፣ የሰውን እጅ አንጓ ጫር አድርገው የሚከትቡ። ቀረብ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ክትባትስ ክትባት ይመስላል" አሉ። "ግን እዚህ ላይ ማን ይከትባል? ክትባት ያለው እጅ አንጓ ላይ ነው። ይኼን የከተበው ሰው ሥራውን አያውቀውም። ወደ ጎጆው ይግባ።"

ያኒ በምልክት ክርስቲያን መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ፤ አማተበም። ግሪኮች የሚያማትቡት ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ማማተቡም ተገላቢጦሽ ነው" አለ አንዱ፤ በዚህ አለቀ። ያን ለስላሳ ፊቱን ይዞ ጎጆ ገባ። እታለም በየቀኑ እንጀራና እርጎ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥለትና ራቅ ብላ ትቆማለች። አማርኛ ያስተማረችው እዚያ ነው። መጀመሪያ የያዛት ቃል "ነገ" ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብሎ "ነገ?" ይላታል፣ እሷ ጨረቃዋ ገና መሆኗን በእጇ ታሳየዋለች። ቀኑ ደርሶ እሾሁ ሲነሣለት ወንዙን የተሻገረው ከእሷ ኋላ ኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያም ከኋላዋ አልጠፋም። መምሬ ገረመው ብዙ ጠይቀውት፣ ጾሙንም አስጹመው አይተውት፣ ሃይማኖቱ ደህና ነው ብለው አጋቧቸው።

ኋላ ሙሴ የራሱን ወፍጮ ቡሬ ከተማ ተከለ። እኔም ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የመምህርነት ሥልጠናዬን ወስጄ እዚያው ቡሬ ተመደብሁ። ያን ጊዜ ቡሬ! ዛሬ ባጃጆች ተሳፋሪ የሚሻሙበት፣ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ የሚነሣበት ቦታ ያኔ አንድ ዋርካ፣ የዓረብ ሱቅ፣ ሁለት ሦስት ጠጅ ቤትና የአውቶቡስ መቆሚያ ነበር። ወደ ነቀምት ማዶ የሚሻገር የመኪና መንገድ አልነበረም፤ ከበጋ ጭነት መኪና በቀር ወደ ዓባይ የሚወርደው በቅሎና አህያ ነው። ሻይ አምስት ሳንቲም ነው፤ በስሙኒ ጓደኛ ጋብዘህ መልስ ትቀበላለህ። እኛ ወጣት መምህራን አንድ አንድ ካኪ ሱሪ ነበረችን፤ ማታ በውኃ እርጥብ አድርገን ከፍራሽ ሥር ዘርግተን እንተኛባታለን፣ ጠዋት ስለት ይዛ ትነሣለች። ጎፈሬያችንን አበጥረን ዓረቡ ሱቅ ደጃፍ ቆመን፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ራዲዮ የአዲስ አበባን የትራምፔት ዘፈን ሲለቅቅ ትከሻችን አርፎ አይቆምም። ከዘፈኑ በላይ የሚሰማው ግን የሙሴ ወፍጮ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከተማው ሥራ ገባ ማለት ነው፤ ሲያቆም ምሳ ነው። ያኒ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ እታለም ወረፋውን በጠንካራ ድምፅዋ ስታስተካክል፣ ያ ወፍጮ ቤት የገበያ ያህል ሰው ነበረው። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ሱቅ ነው፤ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ግን ድምፅ የላቸውም።

አንድ ክረምት እታለምን ክፉ ሳል ያዛት። ደም እስከ መትፋት ደረሰች። ያኒ ወፍጮውን ዘግቶ፣ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይቶ፣ መርፌውን በየቀኑ እያስወጋ፣ ክኒኑን በእጁ እያስዋጣት አዳናት። ወደ ቡሬ ስትመለስ ከበፊቱ ወፍራ፣ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። እንግዲህ በፈንጣጣ፣ በተስቦና በኩፍኝ ላይ ይህን ጨመረች። በእኛ አገር አቆጣጠር እታለም ምንም በሽታ የማትፈራ ሰው ሆነች፤ የትም ቤት በሽተኛ ሲኖር የምትጠራው እሷ ናት።

ከዚያ ከባሕር ማዶ የያኒ ወንድም ጥሪ መጣ። ወንድምዬው ከሁሉም ርቆ ሄዶ ዳቦ ቤት ከፍቷል፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ብቻውን ነው። የአገሩን ስም አልጠራም፣ የመግቢያ ወረቀት የሚሰጡት የቆንሲላው ሰዎች ቅር እንዳይላቸው። ያኒ ብዙ አሰበና ወፍጮውን ሸጠ፤ ሁለቱም ሊሄዱ ተነሡ። የቡሬ ሰው ማማት ጀመረ። በየከተማው ፈረንጅ አግብተው ልጅ ይዘው የቀሩ ሴቶች ነበሩ፤ ባሎቹ አስቀድሜ ልሂድና እልክብሻለሁ እያሉ ሄደው የቀለጡ። "የእታለምስ ሙሴ ከሄደ ይመለሳል እንዴ?" ይላሉ ጠጅ ቤት። እታለምም ይህን ትሰማለች። እሷ ከሱ ጋር አብራ ከገባች ትዳሯ አለ፤ ካልገባች ባልም ወፍጮም የላትም። ነገሩ ይኸው ነበር።

ያኒ የሚያውቀው ግሪክኛና ጣሊያንኛ፣ ሲደመርም የወፍጮ ቤት አማርኛ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ሆኜ አዲስ አበባ አብሬ ሄድሁ። አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ሲወርድ እታለም መስኮቱን ይዛ ትጸልያለች፤ አቧራው ነጠላዋን የቡና ቀለም አደረገው። ወደ ቆንሲላው በገባንበት ጠዋት ባለ ጥበብ ቀሚስ ለብሳ፣ አዲስ ጫማ ተጫምታ ነበር፤ ጫማው በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮህባታል። ያኒ የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለብሷል። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ከዚያ ልብስ ናፍጣ የሚያስለቅቅ ሳሙና በአገሩ አልነበረም።

ሐኪሙ መነጽር ያደረገ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ያኒን አይቶ ጨረሰና አለፍህ አለው። ቀጥሎ ወደ እታለም ዞሮ፣ "ከዚህ በፊት የታመመችው በሽታ አለ ወይ በላት" አለኝ። ተረጎምሁ። እህቴ ፊቷ በራ። ከጠዋት ጀምሮ የማታውቀውን ሲጠይቋት ነው የዋሉት፣ አሁን ገና የምታውቀው ጥያቄ መጣላት።

"ፈንጣጣ ወጥቶልኛል" አለች ጣቷን እያጠፈች። "ፊቴን ይዩት በላቸው። ኩፍኝ ወጥቶልኛል። ትክትክ አልፎኛል። ተስቦ ይዞኝ ጠጉሬ ረግፎ ነበር፣ ይኸው በቅሏል። ወባን ተወው፣ እሱ የዓባይ ዳር ሰው ሁሉ ነው። ደም ያስተፋኝን ሳል ደግሞ መርፌ ተወግቼ ዳንሁ። የቀረኝ የለም። የምፈራው የለም በላቸው።"

ጣት ባጠፈች ቁጥር የሐኪሙ ብዕር ሲሄድ አያለሁ። እሷ መሻገሪያው ላይ ቆማ ለሽማግሌዎቹ የምትናገር መስሏታል፤ እሾሁ እንዲነሣ የሚያደርገውን ሁሉ ነበር የነገረችው። እኔ ባልተረጉመውም ራጁ ራሱ ይናገር ነበር። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አነሣው፤ ከቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ነጭ ጠባሳ ተጋድማለች።

"ሕጉ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ሰው አያስገባም" አለኝ። "ባሏ መሄድ ይችላል። እሷ አትችልም። አዝናለሁ።"

ያኒ ይህን ያህል እንግሊዝኛ አያጣም፤ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። እኔም ነገርኋት። እታለም ግን አልደነገጠችም። ነጠላዋን አስተካከለች።

"እሺ" አለች። "ደንብ ነው፣ ደንብ ይከበራል። ቀኑን ጠይቃቸው።"

"የምን ቀን?"

"የምገባበትን ቀን ነዋ። ማንን ነው ያለ ቀን የሚያግዱት? ውጭ ሆኜስ ምግቤን የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ጠይቃቸው።"

ይህን ለመተርጎም ስለ ወንዙ፣ ስለ እሾሁና ስለ ጎጆው ማስረዳት ነበረብኝ። ባሏ ራሱ እዚያ ጎጆ መቀመጡን ስነግረው ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ያኒን አየው፤ ያኒ ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ሰው ሲያለቅስበትና ሲለምነው እንደሚውል፣ ቀን የጠየቀው ሰው ግን አጋጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሌላ ራጅ ተነሥታ ትምጣ አለ፤ ጠባሳው ሳይጨምር በቦታው ከተገኘ የዳነ ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ቃል አልገባም። እታለም ቀን በማግኘቷ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው።

ያን ቀን ማታ፣ ያረፍንበት ሆቴል ውስጥ፣ እህቴ ባሏን ሂድም ቅርም አላለችውም። መናገሩን ለእሱ ተወችለት። ያኒም በዚያ ስብርብር አማርኛው፣ "እኔ ወንዝ ማዶ፣ ምግብ አንቺ። አሁን አንቺ ውጭ፣ ምግብ እኔ" አላት። እህቴን ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔም አለቀስሁ፤ ምን ያሳፍራል።

ቡሬ ተመለሱ። ያኒ በሸጠው ወፍጮ ላይ ተቀጥሮ ገባ። የራሱን ሞተር በሰው ትእዛዝ ሲያስነሣ፣ ሰው ሲስቅበት፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ አራግፎ አብሮ ይስቅ ነበር። እታለም ደግሞ ያን ክረምት በምክር ብዛት ልትታፈን ነበር። "አሁን ስትሄጂ ምንም ታምሜ አላውቅም በይ" የማይላት አልነበረም፤ ዓረቡ ባለሱቅ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች፣ ኋላ ኋላ ያኒ ራሱ። ያኒማ ያለማምዳት ነበር። "ታመሽ ታውቂያለሽ?" ይላታል ሐኪም ሆኖ፤ "አላውቅም በይ" ይላታል ባል ሆኖ። እሷ እየሰማች ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔን ስትጠይቀኝ፣ "እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ያልሽውን ነው የምለው" አልኋት። "እሱስ ደግ" አለች።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ሄድን። ሽበታሙ ሐኪም ወደ አገሩ ተመልሷል። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ገና ጢሙ ያልጠና፣ ወዙ ያላለቀ ወጣት ነበር። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጎ በመስኮቱ አያቸው። ጠባሳዋ ያለችበት ናት፣ አልጨመረችም። ልቤ ደስ ሊለው ሲል ወጣቱ ፊልሞቹን አስቀምጦ ብዕሩን አነሣ። ራጁ ደህና መሆኑን ነገረኝ፤ ሆኖም ውሳኔው በእሱ እጅ መሆኑን አከለበት። ቀጥሎ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀ። ከዚህ በፊት ታማ ታውቃለች?

ያኒ ከጠረጴዛው በታች እግሯን ሲነካት አየሁ። እታለም እግሯን ሰብሰብ አደረገች። ወደ እኔ ዞራ፣ "አንዱንም ሳታጓድል በላቸው" ብላ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። ፈንጣጣው፣ ኩፍኙ፣ ትክትኩ፣ ጠጉሯን ያረገፈው ተስቦ፣ ወባው፣ ደም ያስተፋት ሳል። "ታምሜ ሁሉንም ዳንሁ" አለች። አንዱንም አላጓደልሁም። ያኒ ዓይኑን ጨፈነ።

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ግራ ገብቶት ነው። "እኛ አገር እኮ እነዚህን በሽታዎች ሰው ረስቷቸዋል" አለኝ። "ሰዉ አያውቃቸውም። ይህን ሁሉ የታመመች ሴት እዚያ ምን ልታደርግ ትሄዳለች?"

ነገርኋት። እታለም ጥያቄውን በደንብ አሰበችበት።

"አንዱም አልወጣላቸውም?" አለችኝ።

"አልወጣላቸውም ነው የሚለው።"

"እንግዲያ አንድ ቀን የገባባቸው እንደሆነ የሚያስታምማቸው ሰው የላቸውም ማለት ነው። ሁሉም ሊሸሽ ነው። ምግብ የሚያደርስ አይገኝም" አለች። "እንዲህ ከሆነማ መሄዴ ግድ ነው። እኔ ልሂድላቸው በላቸው።"

በሕይወቴ ብዙ ተርጉሜአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቃል የታዘዘልኝ ጊዜ የለም። ወጣቱ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቷን ትክ ብሎ አየው፤ ያን ዝናብ የመታው አመድ የሚመስል ፊት። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ማኅተሙን አወጣና ወረቀቷ ላይ አሳረፈው። ያኒ ብድግ ብሎ የወጣቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

እታለም ማኅተሙን አላየችውም። የምታየው ልጁን ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

"ይሁኔ፣ ይህ ልጅ እኮ ፊቱ ለስላሳ ነው፤ ምንም አልወጣለትም" አለችኝ። "ቢታመም የሚያስታምመው ዘመድ እዚህ አገር አለው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።"

ተመልሼ ጠየቅሁት። የለኝም አለኝ።